የሁለት ብሩ ጠረጴዛ

ከበበው ካርታ መጫወት የጀመረው በሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ካርታ የያዘ ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት ጨርቅ ቆርጧል። በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ከግንቡ ጥግ ተሰብስቦ ካርታ ሲመታ፣ እሱ ዳቦውን በልቶ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ይመለስ ነበር። አሁን ግን በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሀይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ይወርዳል። የእህቱ ልጅ ማርቲ የስልክ ሽፋንና ሲም ካርድ ከምትሸጥበት ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጦ መነጽሩን ያደርጋል፤ ስልኩን ይከፍታል፤ ፖከር ይጫወታል።

ገንዘብ ፈልጎ አይደለም። ልጁ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ነው።

ልጁ ኢያቄም ከቤት ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። እናቱ ወይዘሮ ተሾመች ቀደም ብላ ሞታለች፤ ስለዚህ በመካከል ገብቶ የሚያስታርቅ አልነበረም። ስልክ ቢደወልለት አያነሣም። የሚኖርበትን የምታውቀው ማርቲ ብቻ ናት፤ እሷም ምላለች።

"ቤቱንም ስልኩንም አልነግርህም ጋሼ" አለችው በሰኔ መጨረሻ፣ ከበበው ለመቶኛ ጊዜ ሲጠይቃት። "እማዬ ትሙት ብዬለታለሁ።"

"እንግዲያስ ተይው። እህቴን አታስገድይኝ።"

ማርቲ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው፤ የሽማግሌው ፊት አልሳቀም ነበርና። መንገዱን አየት አድርጋ ስልኳን ወደሱ አዞረች።

"ጠረጴዛውን ግን አላስማለኝም" አለች።

"የምን ጠረጴዛ?"

በስልኩ ላይ አረንጓዴ ጠረጴዛ ነበር። ዙሪያውን ስድስት ወንበር፤ ከእያንዳንዱ ወንበር ሥር የተጫዋቹ ስም። እውነተኛ ስም የጻፈ የለም፤ ሰው ሁሉ እንዳሻው ራሱን ይጠራል። ማርቲ በጥፍሯ አንዱን ነካች። "የቆራጭ ልጅ" ይላል።

ከበበው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። መልሶ አደረገው። አሁንም "የቆራጭ ልጅ" ይላል።

"ሥራ ሲወጣ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል እዚህ አይጠፋም" አለች ማርቲ። "ሁለት ብር፣ ሁለት ብር ነው የሚጫወቱት። ማንንም አይጎዳም።"

"እንዴት ነው የሚቀመጡት?" አለ ከበበው።

ነገሩ እንዲህ ነበር የተበላሸው። ኢያቄም ኦብሴ የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ ሂርጳ የላፍቶ ነባር ገበሬ ነው፤ ዙሪያውን ኮንዶሚኒየም ከቦት፣ በቀረችው ቁራሽ መሬት ላሞች ያረባል። ኢያቄም አባቱን ሽማግሌ እንዲሆነው ለመነ። ከበበውም ሁለት ሰው ጨምሮ ሄደ። በደንቡ ቆሙ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፤ ተናገሩ። ሂርጳም በደንቡ መለሰ። "ከዘመድ እንምከርበት፤ በሁለተኛው እሁድ ተመለሱ" አለ። ልጅ በአንድ ጥያቄ አይሰጥም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከበበውም ያውቃል። ግን ሂርጳ ሲያናግራቸው በአንድ እጁ የላም ገመድ ይዞ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ገመዱን አልለቀቀም። ከበበው ያን ገመድ እንደ ንቀት ቆጠረው።

"ከፈለጉን ይላኩብን" አለ በልቡ።

ለልጁ ግን "በሁለተኛው እሁድ እመለሳለሁ" ብሎ ቃል ሰጠው። እሁዱ ሲደርስ ለብሶ ወጣ፤ እስከ ድልድዩ ደርሶ ተመለሰ። ማታ ኢያቄም ሲጠይቀው "አልፈለጉህም" አለው። አንዲት ቃል ናት። ሂርጳ ቤት ያን ቀን በግ ታርዶ ነበር። የሚቀጥለውንም እሁድ ጠበቁ። ከዚያ ልጅቷን ለሌላ ሰጡ። ኢያቄም ይህን የሰማው ከራሷ ከኦብሴ ነው፤ ታክሲ ተራ ላይ፣ ቀለበት አድርጋ አግኝቷት።

ከበበው ከጥንት የሚወደው አንድ ተረት ነበር፤ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላል። ፋብሪካ ውስጥ ለወጣቶቹ ይነግራቸው ነበር፤ ቤት ውስጥም ለልጁ። ኢያቄም ሻንጣውን ይዞ ከበሩ ሲደርስ ዘወር አለና፣ "አባዬ፣ አንተ ሁለቱንም አጠፋህ" አለው። ወጣ።

በመጀመሪያው ቀን ከበበው ጠረጴዛው ላይ የቆየው ሩብ ሰዓት ነው።

ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፤ መሐል ላይ አምስት ይገለጣል። ደህና ካርታ ያለው ገንዘብ ይጨምራል፣ ወይም የተጨመረውን ያህል ከፍሎ እኩል ይላል፤ የሌለው ካርታውን ጥሎ ያጥፋል፤ የሌለው እንዳለው ሆኖ የሚጨምርም አለ። ለዚህ ሁሉ ቁልፍ አለው፦ "ጨምር"፣ "እኩል"፣ "እጠፍ"። ያስያዘው ያለቀበት ከወንበሩ ይነሣል፤ በቦታውም ተራ የያዘ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ከበበው የመጣለትን ሁሉ "እኩል" እያለ ገባ። ወንበሩ ከሥሩ ሲጠፋ ልጁ ገና አንድ ዙር እንኳ አላሸነፈም ነበር። የዚያን ቀን እንደገና ለመቀመጥ ወረፋ ነበረ፤ አልደረሰውም።

ያኔ ነው የገባው። ከልጁ አጠገብ መቀመጥ የሚችለው እስካልተሸነፈ ድረስ ነው።

"ሁሉንም ካርታ ትጫወታለህ" አለችው ማርቲ።

"ታዲያ ለመጫወት አይደል የተቀመጥሁት?"

"አንተ የተቀመጥከው ለመቀመጥ ነው። ከአሥሩ ስምንቱን እጠፍ።"

"ስምንቱን?"

"ስምንቱን። ጋሼ፣ ይሄ የሁለት ብር ጠረጴዛ ነው። ሁለት ብር ማንንም አያስፈራም፤ ስለዚህ ማንም አያጥፍም። የማያጥፍ ሰው ላይ አትዋሽ። ሲኖርህ ጨምር፣ ሳይኖርህ ተወው። በቃ።"

"ውሸት የለበትም?"

"ውሸት የመቶ ብሮቹ ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚህ የሚዋሽ ራሱን ነው የሚበላው።"

ከበበው ይህን ወደደው። መቁረጫ ክፍል ውስጥ ስልሳ ድርብ ጨርቅ ተነጥፎ በአንድ ጊዜ ነበር የሚቆርጠው። አንዲት ስሕተት ስልሳ ሸሚዝ ታበላሻለች። ስለዚህ ምላጩን ከማስነሣቱ በፊት መዳፉን ጨርቁ ላይ ያሳርፍና ዝም ይል ነበር። አለቆቹ "ይኼ ሰውዬ ጨርቁን ያስተኛዋል እንዴ" እያሉ ይስቁበት ነበር። አሁንም እንዲያ ማድረግ ያዘ። ካርታው ሲመጣለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል፤ ከዚያ ያጥፋል።

ሌላም ነገር ተማረ። በጠረጴዛው ላይ መጨረሻ የሚናገር ሰው ይጠቀማል፤ የሌሎቹን ሁሉ አይቶ ነው የሚናገረው። ማርቲ ይህን ልታስረዳው ወረቀት አውጥታ ክብ መሣል ጀመረች።

"አትድከሚ" አላት። "በሽምግልናም ታላቁ መጨረሻ ነው የሚናገረው።"

ስለዚህ ቀድሞ መናገር ሲደርሰው ደህና ካርታ እንኳ ቢሆን ያጥፋል፤ መጨረሻ ሲደርሰው ደካማውንም ይታገሣል። በሐምሌ ወንበሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየ። በነሐሴ፣ ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ አንድ ሰዓት። በመስከረም ልጁ እስኪነሣ ድረስ ተቀምጦ የሚውል ሆነ። ከዚህ የበለጠ ትርፍ አልፈለገም።

ለራሱ ያወጣው ስም "ሞልቱ" ነው፤ አብሮት ይሠራ የነበረ የሞተ ጓደኛው ስም። ሰው ዝም ብሎ ጥሎ መነሣቱ ነውር ስለመሰለው፣ ካርታውን ባጠፈ ቁጥር ከጠረጴዛው ሥር ባለው የመጻፊያ ቦታ በአንድ ጣቱ እየለቀመ "አጠፍሁ" ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ጠረጴዛው በሙሉ መጫወቻ አደረገው። ገበያነሽ የምትባል አንዲት ምላሰኛ ነበረች፤ ቡዜ የሚባል ደግሞ ምንም ይምጣ ምን የማያጥፍ።

"ሞልቱ አለህ ወይስ ቀበሩህ?" ትጽፋለች ገበያነሽ።

"አለሁ" ይጽፋል ከበበው፤ እስኪጽፍ ሁለት ዙር ያልፋል።

አንድ ቀን ሁለት ኤስ፣ ከካርታው ሁሉ ትልቁ፣ መጣለት። ጨመረ።

"ኧረ ሰዎች ሽሹ! ሞልቱ ተነፈሰ!" አለች ገበያነሽ።

"ጡረታው ገብቶለት ነው። እኔ አለሁ" አለ ቡዜ።

ከዚያ የቆራጭ ልጅ ጻፈ፦ "ሞልቱ ከጨመረ አለው ማለት ነው። ሰውዬው አይዋሽም። እኔ አጠፍኩ።"

ከበበው ስልኩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ማርቲ ከውስጥ "አሸነፍክ እኮ ጋሼ! ምን ሆንክ?" አለችው።

ልጁን በካርታ አወቀው። ሲኖረው ይዘገያል፤ ሲዋሽ ይፈጥናል። ትንሽ ልጅ ሳለም እንዲያ ነበር። ስኳሩን ማን በላው ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ "እኔ አይደለሁም" ይል ነበር። አሁንም ባዶ እጁን ሲሆን ገና ተራው ሳይደርሰው "ጨምር" ይላል። ከበበው ይህን ካወቀ በኋላ በልጁ ላይ መጫወት አልሆነለትም። ሁለት ኪንግ ይዞ፣ ልጁ ባዶ መሆኑን እያወቀ፣ አጠፈ። በሌላ ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ኢያቄም ነቃ።

"ጋሽ ሞልቱ" አለው። ጋሽ ሲለው የመጀመሪያው ነው፤ አዝጋሚ አጻጻፉን አይቶ ሽማግሌ መሆኑን ገምቷል። "ለቡዜ አታጥፍም፤ ለኔ ብቻ ታጥፋለህ። ለምን?"

ከበበው "ልጅ ነህ ብዬ ነው" ሲል ጻፈ።

"እንዳታዝንልኝ። ካርታ ላይ ማዘን መናቅ ነው። ካለህ ብላኝ።"

"እሺ" አለ ከበበው።

በማግስቱ በላው። ልጁ "አሁን ተጫወትክ!" ብሎ ጻፈለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስተምረው ያዘ። ጋሽ ሞልቱ፣ ከፊት ተቀምጠህ በኪንግና በዘጠኝ አትግባ። ጋሽ ሞልቱ፣ አንድ ካርታ ትመጣለች ብለህ እስከ መጨረሻ አትከተል፤ ስትመጣም የከፈልክላትን አትመልስም። ጋሽ ሞልቱ፣ ሲኖርህ ትንሽ አትጨምር፤ ቡዜ እንደሆነ አያጥፍልህም፣ በደንብ አስከፍለው። ከበበው ከነዚህ ብዙውን ያውቀዋል። ቢሆንም "እውነት ነው? ገባኝ" እያለ ይመልሳል። ልጁ በሕይወቱ ለአባቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም ነበር።

"ለምንድን ነው የቆራጭ ልጅ የተባልኸው?" ብሎ ጠየቀው አንድ ቀን፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ብቻ ቀርተው።

መልሱ ዘገየ። ከበበው መዘግየቱን ቆጠረ።

"አባቴ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። ስልሳ ድርብ በአንዴ ይቆርጣል። ልጅ ሆኜ ፋብሪካው በር ላይ ስጠብቀው ሰዉ 'የቆራጩ ልጅ' ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን ካርታህን ተጫወት" አለ ልጁ።

የጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ገበያነሽ ተሸንፋ፣ ቡዜን ሰድባ ሄዳለች። የቆራጭ ልጅ ሦስት ዙር ሳይጫወት ተቀመጠና ጻፈ።

"ጋሽ ሞልቱ፣ ሰፈርህ የት ነው?"

"ላፍቶ።"

"ቅርብ ነህ። ሜሪ የምትባል ልጅ ላገባ ነው። የቤተሰቦቿ ቤት መካኒሳ አቦ ነው። ሁለት ሽማግሌ አለኝ፤ አለቃዬና አከራዬ ናቸው። ሦስተኛ ጎደለኝ።"

ከበበው መዳፉን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"አባትህስ?"

"እሱ ይቅርብኝ። አራት ወር አየሁህ። ስትሸነፍም በማግስቱ ትመለሳለህ። መጀመሪያ እንደሚመልሱን ታውቃለህ፤ እኔ የምፈልገው የሚመለስ ሰው ነው። ትሆነኛለህ?"

ከበበው "እመጣለሁ" ብሎ ጻፈ። በሕይወቱ ፈጥኖ የጻፋት ቃል እሷ ናት። ልጁም ቀጠሮውን ነገረው፤ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አቦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ።

ማርቲ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እንዳትናገር! እሁድ ዝም ብለህ ቁምለት። ሰው ፊት አባቱን አይመልስም። ይራራል።"

"ይህ እኮ ሳይኖረኝ መጨመር ነው" አለ ከበበው።

"ጋሼ፣ ይኼ ካርታ አይደለም።"

"አይደለም። ለዚያ ነው።"

ዓርብን ሙሉ አልወጣም። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የቆራጭ ልጅ በቦታው ነበር። ገና ካርታ አልታደለም። ከበበው በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ፦

"አጠፋሁ።"

"ሃሃ፣ ገና ሳይታደል አጠፍክ ጋሼ! በዚያ ላይ 'አጠፋሁ' አልክ፣ ፊደሏን ስተሃል። ለእሁድ ልብህ ተሰቅሏል መሰለኝ።"

ፊደሏን አልሳተም። እዚህ ላይ "ሳትሁ" ብሎ መተው ይችል ነበር፤ ልጁ ራሱ በሩን ከፍቶለታል። ማርቲ ከጀርባው ቆማ እያነበበች "ተወው፣ ተወው ጋሼ" ትለዋለች። ከበበው መጻፉን ቀጠለ። እየጻፈ ሳለ ካርታ ታድሎ ተራው አለፈው፤ አላየውም።

"ካርታውን አይደለም። ያጠፋሁት በአንተ ላይ ነው። ሂርጳ ቤት አልተመለስሁም፤ ሄጃለሁ ብዬህ አልሄድሁም። ከበበው ነኝ። ሞልቱ እኔ ነኝ። ነገ ሳታውቅ እንዳታየኝ ብዬ ነው። የምትፈልገኝ ከሆነ እመጣለሁ።"

ላከው።

የቆራጭ ልጅ ተራው ደረሰ። ጊዜ መቁጠሪያው ክብ ዞሮ ዞሮ አለቀ፤ ልጁ ምንም አልነካም። በሁለተኛውም ዙር አልነካም። በሦስተኛው ማሽኑ ራሱ ካርታውን አጠፈበት፤ ስሙ ደበዘዘ፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

"ሞልቱ ምን አልከው?" አለች ዘግይታ የተቀመጠችው ገበያነሽ። "ልጁን አባረርከው እኮ።"

እሁድ ጠዋት ከበበው ጥቁር ኮቱን ለበሰ፤ ነጠላውን በላዩ ደረበ። አልተጠራም። አልተከለከለምም። ግን "እመጣለሁ" ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያደረው ይህችኑ ነው፤ መጥቶ ቢመለስ ይሻለዋል፣ ሳይመጣ ከሚቀር።

አቦ በር ላይ ሲደርስ ቅዳሴው ወጥቷል። ሕዝቡ እየተሳለመ ይበተናል። ከበበው ከግንቡ ሥር ቆመ። ብዙ አልቆየም፤ ልጁ መጣ። ወፍሯል። ጺም አሳድጓል። ግራጫ ሱፍ ለብሶ ከሁለት ጎልማሶች ጋር መንገዱን ተሻገረ። አባቱን ሲያይ እግሩ ቆመ።

"እንደምን አደርህ ልጄ" አለ ከበበው።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ከጎልማሶቹ አንዱ፣ ሪዛም፣ ሰፊ ሰው፣ ቀድሞ እጁን ዘረጋ። "አብደላ እባላለሁ። ልጁ እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። እርስዎ ጋሽ ሞልቱ ነዎት?"

"አባቴ ነው" አለ ኢያቄም።

አብደላ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ። ገባው። "እሰይ! ታዲያ ምን ጠፋ? አባት እያለ ሦስተኛ ፍለጋ እንሄዳለን? በል ጉልበቱን ሳም፤ እንሂድ።"

"ጋሽ አብደላ፣ ይቅርታ። ዛሬ አይሆንም።"

"ኢያቄም" አለ ከበበው፤ "ላስቀይምህ አልመጣሁም።"

"አራት ወር ዋሸኸኝ።"

"ልቀርብህ ብዬ ነው።"

"ያኔም ለክብርህ ብለህ ነው የዋሸኸኝ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብለህ ነው።" ድምፁ አልጮኸም። "ታውቃለህ? ሞልቱን እወደው ነበር። ለሜሪ ነግሬያታለሁ፤ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፣ ሲኖረው አለኝ የሚል፣ ሳይኖረው የለኝም የሚል ብያት። ትናንት ሞልቱንም ወሰድክብኝ።"

ከበበው አንድ እርምጃ ወደ ግንቡ ራቀ።

"ልጄ" አለ አብደላ፣ "አባት እኮ ነው። በእግሩ መጥቶልሃል።"

"ሌላ ቀን አስታርቁን። እምቢ አልልም ይሆናል። ዛሬ ግን የሜሪ አባት ደጅ ላይ እሱ ቆሞ፣ 'በሌላ እሁድ ተመለሱ' ሲባል... አልችልም ጋሽ አብደላ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አይወስደኝም።"

አከራዩ ሰዓቱን አየ። "እየጠበቁን ነው" አለ በቀስታ። "ሁለት ሆኖ መሄድ ደግሞ ደንብ አይደለም።"

ኢያቄም ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ከበበው አየው። ልጁ ሊያለቅስ እንደሆነ ከአገጩ አወቀ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ ሰው ቤት ደጅ መድረስ የለበትም።

"አይለምኑልኝ አቶ አብደላ" አለ። "ልክ ነው። ቆዩኝ።"

ወደ በሩ ተመለሰ። የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ አየ፤ ጨርቅ እንደሚመርጥ። አንድ ሽማግሌ፣ ነጠላቸው የነጣ፣ ከዘራቸውን ደገፍ ብለው፣ ከለማኙ ሁሉ ጋር ቆም እያሉ የሚወጡ አየ። አልቸኮሉም። ማንንም አላለፉም። ከበበው ጠጋ ብሎ እጅ ነሣ።

"አባቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?"

"ቱሉ።"

"አቶ ቱሉ፣ እዚያ የቆመው ልጅ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ጎደለው። ቤቱ ቅርብ ነው። ሰው ይሁኑለት።"

"አላውቀውም እኮ ወንድሜ።"

"ጨዋ ልጅ ነው። ባለ ሙያ ነው። አይጠጣም። ውሸት አይችልበትም፤ ቢሞክርም ወዲያው ያስታውቃል።"

አቶ ቱሉ ከት ብለው ሳቁ። "ይህማ ደህና ባል ነው" አሉ። ከዘራቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከበበው አብሮ አልሄደም። ከሩቅ ሲጨባበጡ አየ። ኢያቄም አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን እስከ ደጁ ሊሸኝ፣ አራቱ ወደ ቁልቁለቱ ታጠፉ።

ፀሐይ በረታች። ዘበኛው "አባት፣ ከውስጥ ጥላ አለ፤ ግቡ" አለው። "እዚሁ ይሻለኛል" አለ። አንድ ሰዓት ቆመ። ሁለተኛውን ሰዓት ግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ቱሉ ብቻቸውን ዳገቱን ወጡ። ከበበው ተነሣ።

"እስካሁን አለህ?" አሉት። "ደህና ሰዎች ናቸው። ቆመን ተናገርን። በሁለተኛው እሁድ ተመለሱ አሉን።"

"ፊታቸውስ?"

"ፊታቸው ደህና ነው። ይሰጣሉ። ደንቡን ነው የጠበቁት። አባቱን ግን ጠየቁ። አብደላ የተባለው ዝም አለ። እኔ ነኝ የመለስሁ፤ አባት የለውም አልኋቸው። ምን ልበል? ስንሄድ ልጁን በመንገድ ብጠይቀው እንዲያ አለኝ።"

"ደግ አደረጉ" አለ ከበበው።

"አንተስ? ምኑ ነህ? እስካሁን ፀሐይ ላይ የጠበቅኸው።"

"ካርታ አብረን እንጫወት ነበር።"

አቶ ቱሉ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ኮቱን፣ ነጠላውን፣ ሽበቱን። "በዚህ ዕድሜ ካርታ!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊሄዱ ሲሉ ከበበው ከዘራቸውን ያዘ።

"በሁለተኛው እሁድ ይመለሳሉ?"

"እንዴታ።"

"ዝናብ ቢሆንስ? ቢያምዎትስ? ገመድ ይዘው ቢያናግሯችሁስ?"

"የምን ገመድ?"

"ቢሆንም ይመለሱለት።"

"አንተ ሰው፣ እመለሳለሁ አልሁህ! አባት የሌለው ልጅ ነው፤ እኔ ካልተመለስሁ ማን ሊመለስለት ነው?"

"ይማሉልኝ" አለ ከበበው። ከዘራውን አልለቀቀም።

ሽማግሌው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ኮፍያቸውን አወለቁ። "አቦን!" አሉ። ያኔ ለቀቃቸው።